ነፍስ የምትባል ሽቦ

ነጎድጓድ ዘንድ ድራም ለማሠራት የሚመጣ ሰው ገና በሩ ላይ አንድ ነገር ይነገረዋል፤ እዚህ ቤት «ነፍስ» አይባልም። «ሽቦ» በል፣ «ጥምዝ» በል፣ ስሙ ከጠፋብህ «ያ ከሥር ያለው ነገር» በል። ሳይነገረው የገባ ወጣት «ጋሼ፣ ነፍሱ አልጠፋ አለኝ» ያለ እንደሆነ፣ ሽማግሌው መነጽሩን አውልቆ ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጥና ድራሙን መልሶ ያሳቅፈዋል። ውጣ እንኳ አይለውም። ሙዚቀኞች በዚህ ይስቃሉ። ጃጅቷል የሚሉ አሉ፤ መናኝ ሆነ የሚሉም አሉ። ይሳቁ። የሚስቁት ያን ቀን እዚያ ቤት ስላልነበሩ ነው።

ነጎድጓድ እናቱ ያወጣችለት ስም አይደለም። ድሮ በየሠርጉ ድራም ሲመታ የአንድ ሙሽራ አባት ጆሮውን በሁለት እጁ ይዞ መድረኩ ሥር መጣና «ይሄ ሰውዬ ከልጄ ጋር ጠብ አለው እንዴ? ሰው ነው ነጎድጓድ?» አለ፤ በዚያው ቀረ። ሲመታ ኖሮ ሲመታ ኖሮ ግራ ጆሮው ጡረታ ወጣ፤ ቀኙም ደስ ሲለው ብቻ ነው የሚሠራው። ራሱን ስለማይሰማ ሲያወራ ይጮኻል። «በጆሮህ ልንገርህ» ብሎ የነገረህን ነገር ማዶ ያለ ሰው ይሰማዋል። ሚስቱ «ምስጢር ካለህ ጻፍልኝ» ትለዋለች። ወገቡ መድረክ አልወጣም ሲል ከቤቱ አንዱን ክፍል ባዶ አደረገና አሮጌ ድራም እየገዛ፣ እየፈታ፣ እያጸዳ፣ መልሶ እየገጠመ መሸጥ ጀመረ።

በዚህ ሥራ የተሰማራው አብዛኛው ሰው አዳሽ ነኝ ይላል እንጂ አጥፊ ነው። አሮጌውን ሽፋን ልጦ ይጥላል፣ እንጨቱን በአሸዋ ወረቀት ይገሸልጠዋል፣ የመኪና ቀለም ይረጭበታል፣ ከየትም የለቃቀመውን ብረት አንድ ላይ ይገጥምና «ኦሪጅናል ነው» ብሎ በእናቱ ይምላል። ነጎድጓድ ከእነዚህ ወገን አልነበረም። ጭረት ይተዋል። ዝገቱን በዘይትና በጨርቅ፣ በትዕግሥት ነው የሚያነሣው። አንድ ብሎን ከጎደለ የዚያኑ ዘመን ብሎን እስኪያገኝ ድራሙን ጥግ አስይዞ ይጠብቃል። ጻድቅ ነው ማለት ግን አይደለም። ጥሩ ዕቃ ሲያይ ዓይኑ ይጠፋል፤ ባለቤቱ የሚሸጠው ነገር ምን እንደሆነ ካላወቀም ነጎድጓድ አፉን ይዘጋል። ይህም መነገር አለበት።

አሁን ወደ ቃሉ እንምጣ። ድራም ሲባል አንድ ነገር አይደለም፣ ቤተሰብ ነው። በእግር የሚመታ ትልቅ አለ፣ በላዩና በጎኑ የሚቆሙ መካከለኞች አሉ፣ በተጫዋቹ ጉልበቶች መሐል ደግሞ ስኔር የሚሉት ትንሽ ከበሮ ይቀመጣል። ስኔር እንደ ሌሎቹ «ድም» አይልም፤ «ጠሽ» ይላል። ከታችኛው ቆዳ ሥር ቀጫጭን የተጠማዘዙ ሽቦዎች ተዘርግተውለታልና ቆዳው በተንቀጠቀጠ ቁጥር ይርገፈገፋሉ። ከጎኑ ትንሽ እጀታ አለች። ወደ ላይ ስትገፋት ሽቦው ቆዳው ላይ ይለጠፋል፤ ወደ ታች ስትጥላት ይላቀቅና ስኔሩ ዲዳ ይሆናል። እነ ነጎድጓድ ያንን ሽቦ «ነፍስ» ይሉታል። እጀታዋን ማንሣት ነፍሱን ማብራት፣ መጣል ነፍሱን ማጥፋት ነው። ቃሉን ያወጣው ነጎድጓድ ራሱ ነበር፤ ይኮራበትም ነበር። ቀኑን ሙሉ «ነፍሱን አጥፋው»፣ «አጥፍተኸዋል?» እየተባባሉ ሲሠሩ አንዳቸውም ሌላ ነገር ትዝ ብሏቸው አያውቅም። ሰው በገዛ ቋንቋው ላይ እንዲህ ነው የሚተኛው።

አንድ ቀን የሚስቱ ወንድም ስልኩን ይዞ መጣ። ይህ ሰው ትንሽ የጭነት መኪና አለችው፤ የነጎድጓድን ዕቃ የሚያመላልሰው እሱ ነው፣ የሚቀልድበትም እሱ ነው።

«ጋሼ፣ መጀመሪያ ቁጭ በል። ከዚያ ይቺን እያት።»

ፎቶው ላይ ድራም አለ፤ መስኮት አጠገብ የቆመ፣ ሽፋኑ እንደ ዛጎል ሆድ አመድማ ሆኖ የሚያብለጨልጭ። ነጎድጓድ ስልኩን ከእጁ ነጠቀው። በጎረምሳነቱ አንድ ሠርግ ላይ ተውሶ የመታው፣ ከዚያ ወዲህ በየገበያው ሲፈልገው የኖረው ዓይነት ነው። የሠራው ፋብሪካ ከተዘጋ ቆይቷል፤ ያለውም ሰው አይሸጥም።

«የማን ነው?»

«የምትሸጠው የልጄ አስተማሪ ናት። የወንድሟ ነው አለች። መጥተው ይዩት፣ ከወደዱት ግን ዛሬውኑ ይውሰዱት ነው ያለችው።»

«ዛሬውኑ?»

«ዛሬውኑ። ስለ ዋጋ ትንፍሽ አላለችም። ወይ ሌባ ናት ወይ መልአክ።»

ገመድና ብርድ ልብስ ጭነው ሄዱ።

ቤቱ ከመንገዱ ገባ ያለ ነው፤ ጠባብ ግቢ፣ የብረት በር፣ በሩ ሥር ዝናብ የላሰው ሲሚንቶ። የከፈተችላቸው ሴትዮ ፀጉሯ ሸበት ያለ፣ ጣቶቿ ላይ የጠመኔ ብናኝ የቀረ፣ ቀጭን ሰው ነበረች። «ግቡ» አለች። በከንፈሯ ብቻ ነው ያለችው፤ ድምፅ አልነበረውም።

«ምን አልሽ እህቴ?» አለ ነጎድጓድ፣ በዚያው በልማዱ።

ከቤቱ ውስጥ የሆነ ነገር መለሰለት። ደረቅና ቀጭን ነው፤ በጥርሱ መሐል የሚተነፍስ ሰው ይመስላል። ሽርርር ብሎ ዝም አለ።

የሚስቱ ወንድም አንድ እግሩን ከደፉ ላይ መለሰ። «ቤት ውስጥ ሰው አለ?» ብሎ ጠየቀ። ነጎድጓድ ምንም አልሰማም፤ ሁለቱንም ተራ በተራ ያያል። አስተማሪዋ ክንዱን ይዛ ወደ ግቢው ጥግ፣ የልብስ ማጠቢያው ገንዳ ጋ ወሰደችውና በሩን ገርበብ አድርጋ ነገሩን ነገረችው። ነጎድጓድ ቀኝ ጆሮውን ሰጣት።

ወንድሟ ድራመር ነበር። በሠራተኞች ክበብ አዳራሽ ይጫወት ነበር። ያኔ ሰው ከቤቱ የሚወሰድበት ጊዜ ነበር። በጠራራ ፀሐይ ሁለት ሰዎች መጡ፤ ልጁ ድራሙ ላይ ተቀምጦ ይለማመድ ነበር። «ለጥያቄ ነው፣ አሁን ይመለሳል» አሉ። እናትየው ጫማውን ልታመጣለት ስትሮጥ «ምን ያደርግለታል፣ አሁን ይመለስ የለ?» ብለዋት በሸበጥ ይዘውት ሄዱ። በዚያው ሄደ።

እናት እግሯ እስኪያብጥ ዞረች። በየቢሮው፣ በየእስር ቤቱ በር፣ በየሆስፒታሉ ጓሮ። «እኛ ጋ የለም።» «ሌላ ቀን ይምጡ።» «ይሄ ጉዳይ እኛን አይመለከትም።» አንዱ ባለሥልጣን ተብዬ ፈገግ ብሎ «ሞተ አላልንዎትም እኮ» አላት፤ ሞገስ የሰጣት መስሎት ነው። መንግሥት ተለወጠ፣ ጠረጴዛው ተለወጠ፣ ከጠረጴዛው ጀርባ የተቀመጠው ሆድ ተለወጠ፤ መልሱ ግን ያው ነው። አለ የሚል የለም፣ ሞተ የሚል የለም። ገደሉና ዝም አሉ። ዝምታቸው ደመወዝ ሲከፈለው ኖሮ ጡረታውንም አገኘ። ከዚያ ሁሉ ሱሪ ታጣቂ አንዲት ቃል ለአንዲት እናት የሚናገር ወንድ ጠፋ።

«እጀታዋን ሳያወርድ ነው የተነሣው» አለች አስተማሪዋ። «እናቴ ማታ ስሙን ጠራች፤ ድራሙ መለሰላት። ከዚያ ቀን ጀምሮ እሱ ነው። አቧራውን ትወለውላለች እንጂ ማንም እንዲነካው አትፈቅድም። ትጠራዋለች፣ ይመልሳል፣ 'ሰምቶኛል፣ አለ' ትላለች።»

«ሽቦው ነው» አለ ነጎድጓድ። «ድምፅ ሲነካው ነው እንጂ…»

«ቀስ ይበሉ፣ በናትዎ። ሽቦ መሆኑንማ አውቃለሁ። እኔ ስናገርም ይመልሳል፤ ድምፄ የእናቴን ይመስላል። ያኔ ልጅ ነበርኩ። ተናግሬ በመለሰልኝ ቁጥር እናቴ ከጓዳ እየሮጠች ትመጣና እኔ መሆኔን ስታይ ፊቷ የሚሆነውን… ስለዚህ ቤት ውስጥ መናገር ተውኩ። ክፍል ውስጥ ቀኑን ሙሉ ስጮህ እውልና እዚህ በር ላይ ስደርስ ድምፄን እንደ ጫማ አወልቃለሁ። አብሮኝ ሊኖር የመጣ ሰው ነበር፤ ሹክሹክታው አሳብዶት ሄደ። አሁን ከዚህ ቤት ወይ ድራሙ ይወጣል ወይ እኔ እወጣለሁ።»

«እማማስ ምን ይላሉ?»

«አይቶ ይሂድ አለች። ድራሙ ከሄደ ልጄ ሄደ ማለት ነው ብላለች።»

የሚስቱ ወንድም ጉሮሮውን ጠረገ። «ጋሼ፣ ሹክሹክታ የሚባል ነገር ሰምተህ ታውቃለህ?»

«ምን?»

«ተወው። እኔ መኪናው ጋ ነኝ።»

ክፍሉ ጠባብ ነው። አንድ አልጋ፣ ለረጅም ጊዜ ማንም ያልተኛበት፣ አንሶላው ግን የታጠበ። አንድ መስኮት። ከአልጋው ማዶ መጋረጃ የተጋረደበት በር አለ፤ ከመጋረጃው ጀርባ እናትየው አሉ። ድራሙ ባለቤቱ ውሃ ሊጠጣ ብድግ እንዳለ ሆኖ ቆሟል፤ መቀመጫው ትንሽ ወደ ኋላ ሸሽቷል፣ ዱላዎቹ ስኔሩ ላይ ተጋድመዋል። ነጎድጓድ በሕይወቱ ብዙ አሮጌ ድራም ገዝቷል። በረት ውስጥ ዶሮ የተኛበት ገዝቷል፣ ጎርፍ የበላው ገዝቷል። ሰው የሚጠብቅ ድራም ግን አይቶ አያውቅም። አንገቱ ላይ የሆነ ነገር የተነፈሰበት ያህል ሆነና ዞር አለ፤ ማንም የለም።

እጁ ግን ሥራውን ያውቃል። ዱላዎቹን አንሥቶ አልጋው ላይ አኖረ። መጀመሪያ በዓይኑ ዞረው። የሽፋኑ መስኮት ያየው ወገን ቢጫ ሆኗል፣ ግድግዳ ያየው ወገን ገና አመድማ ነው፤ ከቆመበት ንቅንቅ አላለም ማለት ነው። የፋብሪካው ባጅ ምስማሩ አልተነካም። ጣቱን በጠርዙ ዙሪያ አስኬደ፤ ጎርባጣ የለውም። ብሎኖቹን አንድ በአንድ ዳሰሰ፤ ሁሉም የአንድ እናት ልጆች ናቸው። ሌላ ብረት ለማስገባት የተበሳ ቀዳዳ አለ ወይ ብሎ ፈለገ፤ የለም። የትልቁን ከበሮ ፊት ፈትቶ ባትሪ እያበራ ራሱን እስከ ትከሻው ከተተ፤ እንጨቱ አልተሰነጠቀም፣ ሙጫው አልለቀቀም፣ እርጥበት አልሸተተውም። ሁሉ ነገሩ የራሱ ነው። ይህን ድራም ከዚህ ቤት ካወጣ ከእንግዲህ ምንም አይፈልግም።

አስተማሪዋ በሩ ላይ ቆማ ታያለች። እያንዳንዷን ነገር ሲያገኝ ነጎድጓድ ይናገራል፤ ለራሱ ነው የሚያወራው፣ ቤቱ ሙሉ ይሰማዋል። በተናገረ ቁጥር ስኔሩ ሽርርር ይላል። አንድ ጊዜ መዳፉን ቆዳው ላይ ሲያሳርፍ ያ መርገፍገፍ በጣቶቹ ገባ። ጆሮው ያልሰማውን እጁ ሰማው። እጁን እንደተቃጠለ ሰው አነሣ።

«ምን ሆኑ?» አለች በከንፈሯ።

«ምንም። ግራኝ ነበር?»

አስተማሪዋ ጭንቅላቷን ነቀነቀች፤ አዎ።

«ቆዳው ላይ ዱላው ያረፈበትን ምልክት እዪ፤ ሁሉም በዚህ ወገን ነው። ቀኝ እግሩን ደግሞ ያመው ነበር። ፔዳሉ የተበላው በተረከዝ በኩል ነው፤ ሰው እንዲህ የሚረግጠው ቁርጭምጭሚቱ እንቢ ሲለው ነው።»

«በልጅነቱ ወድቆ…»

«ይህን የነሐስ ሳህን፣ ሲምባሉን፣ ደግሞ አይደፍረውም። ጫፉን ብቻ ነው የሚነካው። ፈሪ ሆኖ አይመስለኝም። ይሉኝተኛ ነው፤ ጎረቤት እንዳይረበሽ። በዚህ ዕድሜው ድራም ይዞ ይሉኝታ።» ነጎድጓድ ሳቀ፣ ሳቁም እንደ ንግግሩ ጮኸ። «ልጁን አሁን በደንብ አውቄዋለሁ። አብሬው የቆየሁ ያህል አውቄዋለሁ።»

አስተማሪዋ እጇን አፏ ላይ አድርጋለች። መጋረጃው ተወዛወዘ፤ ሁለቱም አላዩም።

ከዚያ በኋላ የቀረው እያንዳንዱን ከበሮ መትቶ ድምፁን መስማት ነው፤ ለእሱም ስኔሩ ሌሎቹን እንዳይረብሽ ዝም ማለት አለበት። በዚህ ሥራ ላይ ያለ ሁሉ ሳያስብ የሚያደርገው ነገር ነው። ነጎድጓድ በአውራ ጣቱ እጀታዋን ወደ ታች ጫን አደረጋት። ጠቅ አለች። ያ ሁሉ ዘመን ተለጥፎ የኖረ ሽቦ ከቆዳው ተላቀቀ። ከበሮዎቹን በጣቱ መታ መታ አደረገ፤ ጥርት ያሉ ነበሩ።

የሚስቱ ወንድም ትዕግሥቱ አልቆ በደጁ በኩል ብቅ አለ። «ጋሼ፣ ጨረስክ?»

ነጎድጓድ ወገቡን ይዞ ቀና አለ። ቤቱን በሚያናጋ ድምፅም «ጨርሻለሁ» አለ። «ነፍሱን አጥፍቻለሁ። ከእንግዲህ ትንፍሽ አይልም። መኪናውን አስጠጋ።»

መጋረጃው ተገለጠ።

ትንሽ ሴትዮ ናቸው፤ ልብሳቸው ንጹሕ፣ ጀርባቸው የጎበጠ፣ ዓይናቸው ግን ያልጎበጠ። አንድ እጃቸውን ግድግዳው ላይ አድርገው ነጎድጓድን ከእግሩ እስከ ራሱ አዩት። ለማልቀስም ለመጮህም አልቸኮሉም። ለረጅም ጊዜ የጠበቁት እንግዳ የመጣላቸው ይመስሉ ነበር።

«አንተ ነህ?» አሉት።

«ምን አሉኝ እማማ? ጆሮዬ አስቸግሮኝ ነው።»

ጮክ አሉ። «ነፍሱን ያጠፋኸው አንተ ነህ ወይ?»

ነጎድጓድ ስለ እጀታዋ የተቆጡ መሰለው። አትንኩ ተብሎ ነክቷል። አባብሎ ድራሙን ማግኘት ነው እንግዲህ። «አዎ እማማ፣ እኔ ነኝ» አለ። «አይቆጡ። አንድ ጊዜ ጫን ማድረግ ነው፤ ወዲያው ዝም ይላል።»

«ወዲያው?»

«ወዲያው።»

አሮጊቷ ዓይናቸውን ጨፈን አድርገው ከፈቱ። «አልተሰቃየም?»

«እማዬ» አለች አስተማሪዋ።

ነጎድጓድ እጀታዋን እያየ «የለም የለም፣ ምንም…» ብሎ ጀመረና ቆመ። ቀና ብሎ የአሮጊቷን ፊት አየ። የልጅቷን ፊት አየ። ከዚያ የገዛ ቃሉ ዞሮ መጣለት፤ ሲቀልድበት፣ ሲኮራበት የኖረው ቃል፣ አሁን ሬሳ ተሸክሞ። የጠፋው ልጅ ይቀመጥበት በነበረው መቀመጫ ላይ ቁጭ አለ። ወዲያው የት እንደተቀመጠ ገባውና ተስፈንጥሮ ተነሣ።

«እማማ፣ እማማ ይስሙኝ። እኔ ልጅዎን አላውቅም። አይቼው አላውቅም። እኛ ጋ ይህቺን ሽቦ ነፍስ ነው የምንላት፤ ይዩአት፣ ይህቺን።» እጀታዋን አነሣ፤ ስኔሩ ከእሱ ጩኸት ጋር ሽርርር አለ። ጣላት፤ ዝም አለ። አነሣ፣ ጣለ፣ አነሣ፣ ጣለ። «ይህን ነው ያጠፋሁት። ሌላ ምንም አላጠፋሁም።»

አሮጊቷ የእጀታዋን መውረድና መውጣት ሲያዩ ቆዩ።

«ጅል አይደለሁም» አሉ በመጨረሻ። «ሽቦ መሆኑ ጠፍቶኝ መስሎሃል? መኪና ሲያልፍም ይመልሳል። ጎረቤት በር ሲያላጋም ይመልሳል። ለበርና ለእናቱ እኩል የሚመልስ ልጅ የለኝም።»

አስተማሪዋ ደነገጠች። «እማዬ፣ ታዲያ ለምን…»

«ምን ላድርግ? ሞተ ያለኝ ሰው የለም። እኔ ሞተ ልበል? የወለድኩት እኔ፣ የምቀብረውም እኔ፣ መርዶውንም የምናገረው እኔ?» ወደ ነጎድጓድ ዞሩ። «ቅድም ስትናገር ግን ደረቴ ውስጥ ቆሞ የኖረ ነገር ቁጭ አለ። እንደገና በለው።»

«ምኑን?»

«ያልከውን።»

ነጎድጓድ ግንባሩን ጠረገ። «እማማ፣ እኔ ሰው ገድዬ አላውቅም። እንዲህ አይበሉኝ።»

«አውቃለሁ። የገደሉትማ አይናገሩም፤ ልጆቻቸውን እየዳሩ ነው። አንተ በልልኝ።»

«እንዴት ብዬ፣ እማማ? እርስዎን እንዴት…»

«አንቱ አትበለኝ» አሉ። «ሊወስዱት የመጡት አንቱ አላሉኝም። አንቺ ነው ያሉኝ። እንደነሱ ሆነህ በለው።»

ነጎድጓድ አስተማሪዋን አየ፤ አድኚኝ እንደማለት። አላዳነችውም። ከበሩ ፍሬም ጋር ተጣብቃ ቆማ ራሷን አንድ ጊዜ ነቀነቀች። የሚስቱ ወንድም ቆቡን አውልቋል።

ይህ ሰው በሕይወቱ ለእናቱ እኩያ አንቺ ብሎ አያውቅም። አሁን ግን የማንንም ሳይሆን የነፍሰ ገዳዮችን ቃል፣ ጡረታቸውን እየበሉ በየቤታቸው የተቀመጡትን ሰዎች ዕዳ፣ ተበድሮ መናገር ሊኖርበት ነው። አንድ የሠርግ ድራም መቺ። ጆሮው የደነቆረ ጠጋኝ። ያ ሁሉ ቢሮ፣ ያ ሁሉ ማኅተም፣ ያ ሁሉ ዘበኛ እያለ ነገሩ መጥቶ መጥቶ እሱ ላይ ወደቀ። ያናድዳል። ሊያናድድም ይገባል።

«የልጅሽን ነፍስ አጥፍቻለሁ» አለ። ቀስ ብሎ ለማለት ሞክሮ ነበር፤ አልቻለበትም። ድምፁ ክፍሉን ሞልቶ በመስኮቱ ወጣ። «ልጅሽ ሞቷል። አትጠብቂው። አይመጣም።»

ስኔሩ አልመለሰም።

አሮጊቷ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጡ። እጃቸውን ጭናቸው ላይ ዘረጉ፣ መዳፋቸውን አዩ። ትንሽ ቆይቶ ከውስጣቸው አንድ ድምፅ ወጣ፤ እዚያ ቤት ውስጥ ወጥቶ የማያውቅ፣ ጉሮሮ የማያውቀው ድምፅ። ነጎድጓድ እንኳ ሰማው፤ በጆሮው ይሁን በአጥንቱ አያውቅም። ልጅቷ እናቷ ላይ ወደቀች። መጀመሪያ አፏን በእናቷ ትከሻ ላይ አፍና ነበር ያለቀሰችው፣ እንደለመደችው። ከዚያ ቀና ብላ ስኔሩን አየችው። ዝም ብሏል። «ወንድሜን» ብላ ጮኸች፣ ባላት ድምፅ ሁሉ። ክፍሉ ውስጥ ከእሷ በቀር የሚናገር አልነበረም።

ጎረቤት መጣ። በዚያ መንገድ ላይ የሚኖር ሁሉ ከዚያ ቤት ጩኸት ሲወጣ ሰምቶ አያውቅምና መጀመሪያ እሳት መስሏቸው በባልዲ ውሃ ይዘው የመጡ ነበሩ። ሲገባቸው ባልዲውን እደጅ አስቀምጠው ገቡ። ክፍሉ ሞላ። ሴቶቹ አሮጊቷን ከበቡ፣ ወንዶቹ ግድግዳ ይዘው ቆሙ። የሚያስቀምጡበት ያጡ ሰዎች ካፖርታቸውንና ጃንጥላቸውን ትልቁ ከበሮ ላይ ደራረቡ፤ አንዱ ኮፍያውን ሲምባሉ ላይ ሰቀለ። ያንን የመሰለ ድራም። በሌላ ቀን ቢሆን ነጎድጓድ ሰውዬውን በኮሌታው ይዞ ያወጣው ነበር። ዛሬ አየና አለፈው።

አንዲት ወፍራም ጎረቤት ከጎኑ ቆማ ዓይኗን እየጠረገች «እርስዎስ፣ የሟቹ ምኑ ነዎት?» አለችው።

ምን ይበል? ዕቃ ገዢ ነኝ ይበል? የተናገረው ቃል ገና ምላሱ ላይ አለ፤ ብረት ብረት ይላል።

«መርዶውን ያመጡልን ሰው ናቸው» አለች አስተማሪዋ ከመሐል። ክፍል ውስጥ የምትናገርበት ድምፅ ነበር፤ ጥርት ያለ፣ እስከ ኋላ ወንበር የሚደርስ። ሰዎቹ ሁሉ ዞረው አዩአት። አብረዋት ያረጁ ጎረቤቶች ይህን ድምፅ አያውቁትም።

ከዚያ በኋላ ለነጎድጓድ እጃቸውን እየዘረጉ «እግዜር ይስጥልን» ይሉት ጀመር። እጃቸውን ሲጨብጥ የራሱ እጅ የሌላ ሰው መሰለው። እስከ ዛሬም አንዳንድ ቀን፣ ሥራ ላይ እያለ፣ ጸጥ ባለበት ሰዓት፣ «የልጅሽን ነፍስ» የሚል የራሱ ድምፅ ይመጣበታል። ዓለም ዝም ባለችበት ጆሮው ውስጥ በጣም የሚሰማው እሱ ነው። ሚስቱ «ከማን ጋር ነው የምታወራው?» ትለዋለች።

ደጅ ወጣ። የሚስቱ ወንድም መኪናውን ልክ እንደታዘዘው በሩ ድረስ አስጠግቶ፣ የኋላውን ክፍት አድርጎ፣ ብርድ ልብሱን ዘርግቶ ቆሟል። የሚጫነው ግን የለም። ሁለቱም ባዶውን መኪና አዩት።

«ጋሼ» አለው፣ ሳይቀልድ። «ምን እናድርግ?»

ሰው እየበዛ ነበር። ሽማግሌዎች ግቢው ውስጥ፣ ገንዳው ጠርዝ ላይ ቁጭ ብለዋል፤ መቀመጫ የለም። ከመንገዱ ጫፍ ለስብሰባና ለድግስ ወንበር የሚያከራይ ሰውዬ እንዳለ አንዱ ነገራቸው። በዚያች ድራም ሊጭኑባት ባመጧት መኪና ሄዱ። ወንበር አከራዩ የመጋዘኑን በር እየከፈተ ለማን እንደሆነ ጠየቀ። ነገሩት። ቤቱን ያውቀዋል፤ «ለዚያ ዝምተኛ ቤት?» አለ። ከንፈሩን መጠጠ።

«ስንት ላውጣላችሁ?»

«ያለህን» አለ ነጎድጓድ።

ሰውዬው ወንበሮቹን እያወጣ፣ አንዱን በአንዱ ላይ እየደረበ፣ ቀና ብሎ «ልጅየው መቼ ነው የሞተው?» አለ።

ነጎድጓድ የተደረቡትን ወንበሮች አቀፈ።

«ዛሬ» አለው፤ ወደ መኪናውም ተሸክሟቸው ሄደ።